አምፖሉ ነው ወይስ ሳጥኑ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ጫጩት የማሞቅ የመብራት ወጪ

ደሴ ላይ የጥቅምት ብርድ ሲገባ ጫጩት ያስገባ ቤት ሁሉ ወሬው ይመሳሰላል። «ካርድ ሞልቼ ሳምንት አልቆየም»፤ «አምፖሉ ከመኖው በላይ በላን»፤ «ግድቡ አልቆ እንዴት ይጨምራል?» ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መደባለቃቸው ነው፦ አምፖሉ የሚበላው፣ ታሪፉ የሚያስከፍለውና ጫጩቶቹ ያሉበት ሳጥን የሚያፈሰው ሙቀት። ሲደባለቁ መፍትሔውም ይሳሳታል። አንዱ አምፖሉን ቶሎ ያጠፋና ጫጩቶቹን በአንድ ሌሊት ያጣል። ሌላው ወደ ከሰል ይሄዳል። ሌላው ዶሮውን ጭራሽ ይተወዋል።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። በኅዳር 2015 የሌማት ትሩፋት የተባለው አገር አቀፍ መርሐ ግብር ሲጀመር እንቁላልና ዶሮ ከዋና ዋናዎቹ ሥራዎች መካከል ነበሩ፤ በከተማ ግቢ ውስጥ ሃያም ሃምሳም ጫጩት መያዝ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ በመስከረም 2017 አዲሱ የኤሌክትሪክ ታሪፍ መጣ። ታሪፍ ማለት ለአንድ መለኪያ ኤሌክትሪክ የተወሰነው ዋጋ ነው፤ ይሄኛው በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተደርጎ የወጣ ነው። ሰው ወደ ጫጩት ፊቱን ባዞረበት ጊዜ የሚያሞቀው ነገር ተወደደበት ማለት ነው።

ታሪፉን ማናችንም ቤታችን ቁጭ ብለን አንቀይረውም። ሳጥኑን፣ ሰዓቱንና የጫጩቱን ቁጥር ግን መቀየር እንችላለን፤ ሒሳቡ ሲሠራ ደግሞ ብዙው ብር ያለው እዚያ ነው።

አንድ አምፖል በቀን ስንት ይበላል?

ጫጩት ለማሞቅ በብዛት የሚታወቀው አምፖል ባለ 250 ዋቱ ኢንፍራሬድ ነው። ኢንፍራሬድ ማለት ዓይን የማያየው፣ ቆዳ ግን እንደ ሙቀት የሚያውቀው ጨረር ነው፤ ፀሐይ ላይ ስንቆም ፊታችንን የሚያሞቀው ዓይነት። ዋት ደግሞ ዕቃው በዚያች ቅጽበት የሚስበው የኃይል መጠን ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 1000 ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ ማለት ነው።

250 ዋት ለ24 ሰዓት ቢበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 42፣ በአራት ሳምንት 168። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከእንጀራ ምጣድ ጋር ሲተያይ ግን ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል። ለሁለት ሰዓት ብትጋግሩበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀንና ሌሊት የሚበራ አንድ የጫጩት አምፖል ቤቱ ውስጥ በየቀኑ እንጀራ ከመጋገር ብዙም አይርቅም። ምጣዱ ሲሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ያስፈራልም። አምፖሉ ግን ጥግ ላይ ዝም ብሎ ስለሚበራ ማንም አይቆጥረውም፤ ካርዱ ሲያልቅ ነው የሚታወቀው።

ወደ ብር እንመልሰው። አዲሱ ታሪፍ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሠንጠረዥ በወር ከ101 እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም መኖሪያ ቤት ዋጋው 1.625 ብር፣ ከ201 እስከ 300 ለሚጠቀም ደግሞ 2 ብር ነበር። 168ቱን በ2 ብር ብናባዛ 336 ብር ይመጣል። ዛሬ ዋጋው ከዚያ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ የራሳችሁን ቢል አውጡና የፍጆታውን ብር ለኪሎዋት ሰዓቱ አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር ከማንኛውም ወሬ ይበልጣል። በ168 ስታባዙት አምፖሉ በአራት ሳምንት የሚያስወጣችሁን በግርድፉ ታውቃላችሁ።

አሁን ይሄን ለጫጩት አካፍሉት። 336 ብር ለ100 ጫጩት ሲካፈል ለአንዱ 3 ብር ከ36 ሳንቲም ነው። ለ20 ጫጩት ሲሆን ግን ለአንዱ 16 ብር ከ80 ሳንቲም። አምፖሉ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ወጪው አምስት እጥፍ። «መብራቱ አከሰረኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት ጫጩት በትልቅ አምፖል የሚያሞቀው ነው። 20 ጫጩት በጠበብ ያለና በደንብ በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ ከሆኑ በ100 ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይሞቃሉ።

ቢሉ ለምን በአንዴ ዘለለ?

አምፖሉ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ዋጋው 0.273 ብር ነበር፤ ከ51 እስከ 100 ላለው 0.767፤ ከዚያ 1.625፣ 2፣ 2.20፣ 2.405 እያለ ከ500 በላይ 2.481 ይደርሳል። ከመጀመሪያው እርከን እስከ ሦስተኛው ያለውን ርቀት እዩት፤ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ሐሳቡ ጥቂት የሚጠቀመውን ደሃ ቤት መጠበቅ ነው፤ ፍትሐዊም ነው።

ጫጩት የያዘ ቤት ግን ከእርከን ወደ እርከን ይሻገራል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋግርና ፍሪጅ ያለው ቤት በወር 110 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀመ እንበል። የአምፖሉ 168 ሲጨመርበት 278 ይሆናል። ቤቱ አንድ እርከን ወጣ። 200ን ማለፍ ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል፤ በ2016 በወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ አፈጻጸም ከቫት ነፃ የሆነው የመኖሪያ ቤት ፍጆታ በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ነው። ከዚያ ሲያልፍ 15 በመቶ ይከተላል።

ለዚህ ነው ሰው «አንድ አምፖል ይሄን ያህል አያስከፍልም፣ ቆጣሪው ተበላሽቷል» የሚለው። ቆጣሪ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ቤቱ የትኛው እርከን ላይ እንደወጣ ነው። 200ን በ10 ወይም በ20 ያለፈ ቤት ምጣዱን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቢያሞቅና አምፖሉን ቀን ቀን ቢያጠፋ ወደ ታች ሊመለስ ይችላል። ትንሽ ቅነሳ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው እንደዚህ ድንበር አካባቢ ላይ ሲሆን ነው፤ 170 ላይ ላለ ቤት ያው ቅነሳ ብዙም አይታይም።

ብዙ ጫጩት ለያዘ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በቀድሞው ሠንጠረዥ የአጠቃላይ ወይም የንግድ ደንበኛ ዋጋ አንድ ወጥ 2.124 ብር ነበር። ስለዚህ በወር ከ300 ኪሎዋት ሰዓት በላይ በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚጠቀም አርቢ ለአንዱ መለኪያ ከሱቅ በላይ ይከፍል ነበር ማለት ነው። እርባታው የገቢ ሥራ ከሆነ የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ያዋጣ እንደሆነ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢሮ ሄዶ በወቅቱ ዋጋ ማስላት ዋጋ አለው።

ደሴ ደሴ ነው፣ ኮምቦልቻም ኮምቦልቻ

ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ከፍታቸው ግን በጣም ይለያያል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ። አየር በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ።

4 ዲግሪ ለሰው አንድ ጋቢ ነው። ለጫጩት ሳጥን ግን እንዲህ ይሰላል። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ሳጥኑ ሙቀት የሚያፈሰው በውስጡና በውጭው መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው። ውስጡ 33 ይሁን። ደሴ ሌሊት 10 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 23፤ ኮምቦልቻ 14 ቢሆን 19። ደሴ በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። በአራተኛው ሳምንት ግን የሚፈለገው 24 ሲሆን ልዩነቱ 14 እና 10 ይሆናል፤ ደሴ በ40 በመቶ በለጠች። ጫጩቱ እያደገ በሄደ ቁጥር የኮምቦልቻ አርቢ ከአምፖሉ ቶሎ ይላቀቃል፤ የደሴው ገና ይቀረዋል።

አንድ ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ ጫጩት ከታች ወደ ደሴ መውጣቱ የተለመደ ነው። ካርቶኑ ታክሲ ውስጥ ይገባል፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ሌላ አየር ውስጥ ይወጣል። ምክሩም አብሮ ይመጣል፦ «ሦስት ሳምንት አሙቁላቸው፣ ከዚያ በቃ»። ምክሩ ታች ላሉት ልክ ሊሆን ይችላል። ደሴ ውስጥ ሆጤ ወይም ቧንቧ ውሃ ሰፈር ላለ ቤት ግን አራተኛውም፣ አንዳንዴ አምስተኛውም ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሙቀት ይፈልጋል።

ወቅቱም አለ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ይከብዳል። ለፋሲካ ገበያ እንዲደርስ የሚፈለግ ዶሮ ደግሞ ጫጩቱ የሚገባው በታኅሣሥና በጥር ነው። ብዙ ሰው የሚገዛበት ወር ብዙ መብራት ከሚበላበት ወር ጋር ይገጥማል። ለእንቁላል የሚያሳድግ ሰው ግን በበዓል አይገደድም፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቢያስገባ ያው ሳጥን ባነሰ ሙቀት ይበቃዋል።

አምፖሉን ከፍ ማድረግ ቢሉን ዝቅ አያደርግም

ይሄ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ነው።

ጫጩት ሲሞቀው አምፖሉን በገመድ ወይም በሰንሰለት ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። ለጫጩቱ ልክ ነው። ለኪስ ግን ምንም አይለውጥም። 250 ዋቱ መሬት ላይም ቢሆን ጣሪያ ላይም ቢሆን 250 ዋት ይስባል። ከፍ ሲል ሙቀቱ ወደ ክፍሉ ይበተናል፣ ከዚያ በበሩ ሥር ይወጣል። የከፈላችሁበት ሙቀት ጦሳን እያሞቀ ነው ማለት ነው።

ቆጣሪው የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ዋት እና ስንት ሰዓት። ስለዚህ የሚቀንሰው ወይ አነስተኛ ዋት ሲሆን ወይ ሰዓቱ ሲያጥር ነው። በሰዓት እንየው። የመጀመሪያውን ሳምንት 24 ሰዓት አብሩ፤ 42 ኪሎዋት ሰዓት። ሁለተኛውን 18 ሰዓት፤ 31.5። ሦስተኛውን 12 ሰዓት፣ ማለትም ማታና ሌሊት ብቻ፤ 21። አራተኛውን 8 ሰዓት፣ የሌሊቱን ክፉ ክፍል ብቻ፤ 14። ድምሩ 108.5 ነው። ከ168ቱ ጋር ሲተያይ ከሲሶ በላይ ቀነሰ። ቅድም ያየነው 278 ላይ የነበረ ቤት ወደ 218 ወረደ። ሳጥኑ ጥሩ ሆኖ አምፖሉ 175 ዋት ቢሆን ደግሞ የአምፖሉ ድርሻ 76 ይሆናል፣ ቤቱም ከ200 በታች ይገባል።

ሰዓት ማሳጠር የሚቻለው ግን ሳጥኑ ሙቀት የሚይዝ ከሆነ ብቻ ነው። ክዳን የሌለው ካርቶን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አምፖሉ ሲጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ መጀመሪያ የሚሸፈነው ከላይ ነው። ግማሹን ወይም ሁለት ሦስተኛውን በጆንያ ወይም በወፍራም ጨርቅ መሸፈን፣ ቀሪውን ለአየር መተው። ግድግዳውን ድርብ ካርቶን አድርጎ መሐሉን የጤፍ ጭድ መሙላት። ሥሩን ከሲሚንቶ ማንሳት፤ ሲሚንቶ ሙቀት ይመጥጣል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሰጋቱራ ይበቃል። ማዕዘኑን በካርቶን ክብ ማድረግ፤ ጫጩት ሲበርደው ጥግ ይዞ ይደራረባል፣ ሥር ያለው ይታፈናል።

ግን አየር መዝጋት አይደለም። ከኩሳቸው የሚወጣው አሞኒያ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል። ዝቅ ብላችሁ አሽትቱ፤ አፍንጫችሁን ከቆነጠጠው ለነሱ አልፎ ሄዷል። አምፖሉ ከጭድና ከጨርቅ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። በቀጭን ሽቦ ከተንጠለጠለ አምፖልና ከላላ ስፒና የተነሳ እሳት ከየትኛውም ቢል ይብሳል።

ሙቀቱ ልክ መሆኑን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሽፋኑን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። አምፖሉ ሥር ተጨናንቀው ጮክ ብለው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ያን ጊዜ ብር በከንቱ እየነደደ ነው። ሁሉም በአንድ ወገን ከተሰበሰቡ በሌላው ወገን ንፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። እንደ ተበተነ እህል ሆነው ቀስ እያሉ «ጭው ጭው» ካሉ ተዋቸው።

ብርሃን ርካሽ ነው፣ ሙቀት ውድ

ሌላው ግራ መጋባት ስለ አምፖል ዓይነት ነው። «ኤልኢዲ አድርግበት፣ ይቆጥብልሃል» ይባላል። ኤልኢዲ የሚቆጥበው ሙቀት ስለማያባክን ነው፤ እዚህ ደግሞ የምንፈልገው ሙቀቱን ነው። የድሮው ቢጫ አምፖል ከሚስበው ኃይል 90 በመቶ በላዩን ሙቀት ያደርገዋል። ለመብራትነት ብክነት ነው፤ ለጫጩት ግን ሥራው ይሄው ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 9 ዋት ከሚሰጠው በላይ ሙቀት ከየትም አያመጣም።

ስለዚህ ሁለቱን መለየት ይሻላል። ለሙቀት ማሞቂያው፣ ለብርሃን ኤልኢዲው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጩት መኖና ውኃ እንዲያገኝ ሌሊትም ብርሃን ይፈልጋል፤ ባለ 9 ዋቱ ቀንና ሌሊት ሳምንት ሙሉ ቢበራ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለእንቁላል ጣይ ዶሮም እንደዚሁ። የእኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ጣይ ዶሮ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋል። የጎደለውን 4 ሰዓት በአንድ ኤልኢዲ መሙላት በወር 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በብርሃኑ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ይሄ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እንሽላሊትና እባብ ቤታቸው በመስታወት ሳጥን የሚያሳድጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ ዋጋ ሲንር ይሄንኑ ሒሳብ ሲሠሩ ነበር። የእነሱ ይከብዳል፤ እንሽላሊት ራሱን ማሞቅ ስለማይችል ዕድሜውን ሙሉ ማሞቂያ ይፈልጋል፣ ጫጩት ግን ላባ ሲያወጣ ራሱን ይችላል። ከእነሱ የሚወሰደው ልምድ ሁለት ነው። መስታወቱን ትተው ሙቀት ወደሚይዝ የእንጨት ሳጥን መዞር፤ ሁለተኛው ቴርሞስታት። ቴርሞስታት ሙቀቱ የተፈለገው ላይ ሲደርስ መብራቱን የሚያቋርጥ፣ ሲወርድ መልሶ የሚያበራ ትንሽ መሣሪያ ነው። ብዙ ጫጩት በተከታታይ ለሚያስገባ ሰው ዋጋውን ይመልሳል። በዓመት አንድ ጊዜ 30 ለሚያስገባ ግን ቴርሞሜትርና የራሱ ዓይን ይበቃዋል።

ግድቡ አልቆ ዋጋው ለምን ይጨምራል?

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሰው «ታዲያ ለምን?» ማለቱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ከማመንጫው እስከ ሳጥናችሁ ድረስ ረጅም መንገድ አለ። ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ። ከዚህ ብዙው ዕቃ በውጭ ምንዛሬ ይገዛል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ በብር ሲተመን በጣም ከፍ ብሏል። የመንግሥት ወገን ክርክር ይሄ ነው፦ የቆየው ዋጋ ወጪውን አይሸፍንም፣ ካልተሸፈነ መስመሩ አይታደስም፣ ያልደረሰው ገጠርም አይደርሰውም። ክርክሩ ውኃ ይቋጥራል።

የተጠቃሚው ወገንም ክርክር አለው። ዋጋው በየሦስት ወሩ ሲጨምር ገቢ በየሦስት ወሩ አይጨምርም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ሰው የማይቋረጥ መብራት ይጠብቃል። አርቢ ላይ ይሄ በተለይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ለጫጩት የተቋረጠ መብራት ያልተከፈለበት መብራት ብቻ አይደለም፣ የሞተ ጫጩት ነው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ለዝቅተኛ ተጠቃሚ የተሰጠው ጥበቃ ምጣድና ቴሌቪዥን ያለውን ቤት እንጂ በዓመት ሁለት ወር ብቻ ፍጆታው የሚያብጥ ትንሽ አርቢን አያየውም። በአንድ በኩል እንቁላል አምርቱ እየተባለ በሌላ በኩል ያቺ ሁለት ወር ቤቱን ወደ ላይኛው እርከን ስትወስደው ሁለቱ ፖሊሲዎች አልተነጋገሩም ማለት ነው።

ከሰል፣ ሀይ ቦክስ ወይስ የ45 ቀን ዶሮ?

ዋጋው በዚህ ከቀጠለ ሰው የሚሄድባቸው መንገዶች ይታያሉ።

አንዱ ከሰል ነው። ፍም በሸክላ አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ማስቀመጥ። ከሰል በጆንያ ሲገዛ ርካሽ ይመስላል፤ ግን ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቶ መቀየር አለበት፣ ሙቀቱም ይዋዥቃል። ከሁሉ በላይ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ክፍል ጫጩቱንም አጠገቡ የተኛውንም ሰው ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ክፍል ይሄ አማራጭ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው የ45 ቀን ዶሮ መግዛት ነው። የሚሞቅበት ጊዜ አልፎ፣ ክትባቱን ወስዶ የሚሸጥ። ዋጋው ከአንድ ቀን ጫጩት ብዙ ይበልጣል፤ ውስጡ ግን የመኖው፣ የመድኃኒቱ፣ የመብራቱና የሞቱት ጫጩቶች ዋጋ አለ። አሥር አሥራ አምስት ዶሮ ለቤት እንቁላል ለሚፈልግ የደሴ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይሄ ይሻላል። ለ15 ጫጩት አምፖል ማብራት ከላይ እንዳየነው ለአንዱ በጣም ውድ ነው። ወይም ሦስት ጎረቤት ተስማምቶ የሁሉንም ጫጩት አንድ ቤት አሙቆ በስድስተኛው ሳምንት መከፋፈል ይችላል፤ ቢሉን ለሦስት።

ሦስተኛው ሀይ ቦክስ የሚባለው ነው። በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ሲያስተዋውቁት የኖረ፣ ዙሪያውን በጭድ የታሸገ ሣጥን ነው። ማሞቂያ የለውም። ጫጩት ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ሣጥኑ ያንን ሙቀት ይዞ ያቆይለታል። ቀን ወጥተው ይበላሉ፣ ማታ ይገባሉ። ለ50 ያህል ጫጩት ይሠራል፤ ለ10 ብቻ ከሆነ የሚያመነጩት ሙቀት ትንሽ ነው። በደሴ ብርድ የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ምንም ማሞቂያ ማሳለፍን አልመክርም። ሳምንት ተኩል በአምፖል፣ ከዚያ በሀይ ቦክስ ቢሆን ግን ከ168ቱ ኪሎዋት ሰዓት 63ቱ ብቻ ይቀራል።

መብራት ሲሄድ

ቢሉ ላይ የማይታይ ወጪ አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል፣ ሁሉም ተኝቷል፣ ሳጥኑ ክፍት ነው። ጫጩቶቹ አምፖሉ የነበረበት ቦታ ላይ ይከመራሉ። ጠዋት ሲታይ ከላይ ያሉት ደህና ናቸው፣ ከሥር ያሉት ተጨፍልቀዋል። በአንድ ሌሊት የሞተው ጫጩት ዋጋ የወሩን የመብራት ብር ሊበልጥ ይችላል።

እዚህም ሥራውን የሚሠራው ሳጥኑ ነው። በጭድ የታሸገና ከላይ የተሸፈነ ሳጥን አምፖሉ ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት ሙቀት ይይዛል፤ ክፍት ካርቶን ግን ሩብ ሰዓትም አይቆይም። ሁለተኛው ዝግጅት የፈላ ውኃ ነው። ማታ ፔርሙስ ሞልቶ ማሳደር፤ መብራት ሲሄድ ወደ ሁለት ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ካለ ውኃ ጋር ቀላቅሎ መገልበጥ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ሳጥኑ መሐል ማስቀመጥ። ፎጣው የግድ ነው፤ ያልተጠቀለለ ጠርሙስ መጀመሪያ ያቃጥላቸዋል፣ ቆይቶ ያቀዘቅዛቸዋል። ጫጩቶቹ ጠርሙሱን ከበው ይተኛሉ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይይዛቸዋል፤ ከዚያ ውኃው ይቀየራል።